ከጤፍ ማሳ እስከ ኮንሶ እርከን

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዓለም ገና ላይ ወደ ደቡብ የታጠፈ መኪና ፊቱን ወደ ቡታጅራ ያቀናል። ከዚያ ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ አረካ፣ ወላይታ ሶዶ፣ በመጨረሻም አርባ ምንጭ። በሻሸመኔ ዞሮ አርባ ምንጭ የሚያደርሰው ነባሩ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቡታጅራው ከዚያ ያጥራል። ጎህ ሲቀድ የተነሣ መንገደኛ፣ መኪናው ካልከዳው፣ ጀምበር ሳትጠልቅ አባያ ሐይቅን ያያል።

ብዙ ሰው ይህን መንገድ የሚጨርሰው አንድ ዓይነት ምግብ በልቶ ነው። ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ ላይ ጥብስ በእንጀራ፣ ማታም ያው። በየከተማው ያለው ሆቴል ይህን ስለሚያቀርብ ማንም አይራብም። ነገር ግን እንዲህ የበላ ሰው በመስኮቱ በኩል ያለፈውን አገር አልቀመሰውም። ይህ ያሳዝናል፤ በዚህ መንገድ ላይ ገበታው በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ይለወጣልና። ለውጡም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም።

ገበሬው አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲከፍል ስለ ብርድና ስለ ሙቀት ብቻ አይናገርም። ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚያረባ፣ ማታ ምን ጎርሶ እንደሚተኛም እየተናገረ ነው። መሬቱ በ1,000 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል፤ በአንዱ ከፍታ የሚያፈራ ሰብል በሌላው አይሆንለትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ እንደ ገና ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በስምጥ ሸለቆው ትከሻ ላይ ይሄዳል፣ ከሶዶ በኋላም ወደ ሸለቆው ወለል ይጣላል። ገበታውን የሚቀያይረው ይኸው መውጣትና መውረድ ነው።

ዓለም ገናን አልፎ ግራና ቀኙ የጤፍ አገር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ማሳው ለምለም አረንጓዴ ይሆናል፤ ኅዳር ላይ ወደ ገለባ ቀለም ይዞራል። እዚህ እንጀራ መብላት ማለት ከመስኮቱ ውጭ ያለውን መብላት ማለት ነው። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ አዋሽን ይሻገራል፤ ቦታው መልካ ቁንጡሬ ይባላል። ከአጎራባቹ ባልጭት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በወንዙ ዳር በተደራረበው የአፈር ንብርብር ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የኖሩ ቀደምት ሰዎች የተዉት ምልክት አለ። ከእነዚህ ንብርብሮች አንዱ 700,000 ዓመት የሚሆነው ሲሆን፣ በውስጡ የአዋቂዎችና የሕፃናት የእግር አሻራ፣ የድንጋይ መሣሪያና በስለት የተገነጣጠለ የጉማሬ አጥንት በአንድነት ተገኝተዋል። ከባልጭት የሚወጣው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ሲፈለጥ ምላጭ የሚሆን ጠርዝ ያወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሥጋ መቁረጥ ዛሬ የተጀመረ ልማድ አይደለም።

ወደ ፊት ጥያ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ጎራዴ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ብዙ ሳይርቁ ቆመዋል። የጥያ ትክሎች 36 ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት ግን ያስፈልጋቸዋል።

ከጥያ በኋላ የግቢው መልክ መለወጥ ይጀምራል። ቤቱን ከጓሮ የሚከብበው ማሳ እህል መሆኑ ይቀርና ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ሙዝ የሚመስል ረጅም ተክል ይሆናል። እንሰት ነው። የዱር እንሰት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ በብዙ ቦታ ይበቅላል፤ ለምግብ ብሎ ከዱር አውጥቶ፣ በጓሮው ተክሎ፣ ትውልድ ያሳደገበት ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው።

ቡታጅራ የደረሰ መንገደኛ ክትፎ ያዝዛል። ከማድ ቤቱ የሚመጣው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ጥሬ ነው፣ ለብለብ?» ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ በሚገባ በተሳለ ቢላ ደጋግሞ ይከተፋል። ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ለስለስ ባለ እሳት ይቀልጣል፤ ሚጥሚጣና ጨው ይጨመራል፤ ሥጋው ከቅቤው ጋር ይዋሐዳል። በጣባ ቀርቦ፣ ከጎኑ አይብና ጎመን ተደርድሮ፣ በቀንድ ማንኪያ ሲበላ አዲስ አበባ ውስጥ ካለው ክትፎ ቤት ብዙ የሚለየው ነገር ላይኖር ይችላል። የሚለየው ቆጮው ነው። እዚህ ቆጮው እንግዳ ሆኖ የመጣ ማባያ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ነው።

ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ቁራሹን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከተተከለ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከማበቡ በፊት ነው። ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርተው ይሠሩታል። የግንዱ ልባስ ተራ በተራ ይነሣና ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩ ይቆረጣል፣ ይደቀቃል። ከሚፋቀው የሚወርደው ውኃ ተጠራቅሞ ሲረጋ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፤ ይህ ቡላ ነው፣ ከእንሰት የሚገኘው ምርጡ። የተፋቀው በኮባ ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበራል። እዚያ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። ቆጮ ያንን የሚኮመጥጥ ጣዕሙን፣ ሳይበላሽ የመቆየት አቅሙንም የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሊጋገር ሲል ውኃው ይጨመቃል፣ ጭረቱ ይከተፋል፣ በኮባ መሐል ሆኖ ምጣድ ላይ ይጣላል። የተረፈው ጭረት ቃጫ ሆኖ ገመድ ይፈተልበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጉድጓዱ ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ዝናቡ ከጠፋበት ዓመቱ ጠፋ ማለት ነው። እንሰት የተከለ ቤተሰብ ግን ቀን ሲከፋ ጓሮው ውስጥ የቆመ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀበረ ምግብ አለው። ወሩን ጠብቆ መታጨድ የለበትም፤ ሲያስፈልግ ይነሣል። የለንደኑ የኪው የእጽዋት ማዕከል ተመራማሪዎች 15 ያህል እንሰት አንድን ሰው ዓመቱን ሙሉ ሊመግብ እንደሚችል ይገምታሉ። የጉራጌ፣ የሀዲያ፣ የከምባታ፣ የወላይታና የሲዳማ አገር በጠባብ መሬት ላይ ያን ያህል ሕዝብ አኑሮ የቆየበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ቆጮ ግን ጉድለት አለበት፤ ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ አይደለም፣ ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ ነው። ክትፎና አይብ ከጎኑ መቀመጣቸው ለዚህ መልስ ነው። ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። እንሰት ፍግ ይወዳል፤ ያለ ፍግ ይኮሰምናል። ስለዚህ እንሰት ያለው ቤት ላም ያስፈልገዋል። ላሚቱ ፍጓን ለእንሰቱ፣ ወተቷን ለቅቤና ለአይብ ትሰጣለች፤ የእንሰቱ ቅጠል በበጋ ተመልሶ የእሷ መኖ ይሆናል። ክትፎው፣ ቅቤው፣ አይቡና ቆጮው በአንድ ትሪ ላይ የተገናኙት ምግብ አዋቂ ስላሰባሰባቸው ሳይሆን ቀድሞውኑ በአንድ ጓሮ አብረው የኖሩ ስለሆኑ ነው።

ለመስቀል ይህ መንገድ ይሞላል። የጉራጌ ልጅ ከአዲስ አበባም፣ ከሌላውም ከተማ አገሩ ይገባል፤ ለበዓሉ የተቀመጠው ቅቤ ይወጣል፣ በሬው ይወድቃል። ወደ ስልጤ ሲታለፍ ደግሞ የአገሩ ልጅ በብዛት የሚመለሰው ለአረፋ ነው። አንዱ የክርስቲያን፣ ሌላው የሙስሊም በዓል ይሁን እንጂ ለሁለቱም የሚደክመው የአንድ ጓሮ እንሰትና የአንድ በረት ላም ነው። በሁለቱ በዓላት ሰሞን ጉዞ ያሰበ ሰው መኪናውን ቀደም ብሎ ይያዝ።

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ሲል የማረቆ አገር ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የበርበሬ ነጋዴ ዕቃውን ሊያስወድድ ሲፈልግ «የማረቆ ነው» ይላል። ዛላው ሞላ ያለ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ማቃጠሉም ከመዓዛ ጋር የሆነ በርበሬ ነው። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ በምርምር ተለይቶ ለገበሬ እስከ መሰራጨት ደርሷል። በመኸር ማግስት በየደጁ የተሰጣው ዛላ መሬቱን ያቀላዋል። ወጡን የሀበሻ የሚያደርገው ይህ ፍሬ ግን ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። በቆሎም፣ ድንችም፣ ስኳር ድንችም፣ ካሳቫም በዚያው አቅጣጫ የመጡ እንግዶች ናቸው። ጤፍና እንሰት ግን ነባር ናቸው። በዚህ መንገድ ላይ የሚበላው በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች የተዋጣ ነው።

ወራቤና ሆሳዕና ላይ ሊጠየቅ የሚገባው አተካና ነው። ቡላ በቅቤ ተለውሶ፣ አይብና ወተት ተጨምሮበት የሚሠራ፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ምግብ ሲሆን በስልጤም በሀዲያም አለ። ጥቂት ማንኪያ ያጠግባል። በየሆቴሉ ዝርዝር ላይ ስለማይገኝ መጠየቅ፣ አንዳንዴም ቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ምግብ በእንግዳ መቀበያ ቤቶች በየቀኑ የማይሠራ መሆኑ የሚያስቆጭ ነው፤ የሚጠይቅ መንገደኛ ከበዛ ግን መሠራቱ አይቀርም።

ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ አረካ የምትባል ከተማ አለች። ብዙ ተሳፋሪ ስሟን የሚያውቀው ለሻይ ሲወርድ ነው። በአገሪቱ የእንሰት ምርምር ዋና ማዕከል የሆነው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው ግን እዚህ ነው። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶች በማሳው ላይ ቆመዋል፤ እያንዳንዱን ገበሬው ለይቶ በስም ያውቀዋል፤ አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቡላ፣ አንዱ ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ ለመሆን፣ አንዱ ለመድኃኒት። ተመራማሪዎቹን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ተክሉ ሙሉ በሙሉ ይሞታል። በሽታው በሳይንስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ እስካሁንም የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል የሚሸጋገርበት አንዱ ዋና መንገድ የገበሬው የራሱ ቢላ ነው። ስለዚህ ምክሩ ቀላልና አድካሚ ነው፤ የታመመውን መንቀል፣ መሣሪያውን በእሳት ማሳለፍ። የሰባት ዓመት ልፋት በአንድ ያልጸዳ ቢላ ሲጠፋ ማየት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ቆጮ የሚበላ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። እዚህ የሚበላው ሥጋ ነው። የወላይታ ገበሬ በሬ የሚያደልበው ሜዳ ላይ ለቆ አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በሬው ደጅ ላይ ታስሮ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ እሸት አገዳ፣ የእንሰት ቅጠልና ሥር በእጅ እየተሰጠው ለወራት ይቀለባል። ስለማይደክም ይሰባል፤ ሥጋውም ጮማ ይሆናል። የወላይታ ሥጋ ቤቶች ስም አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥሬ ሥጋው ጋር የሚቀርበው ዳጣ ነው። ዳጣ ከቃሪያ ወይም ከቀይ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከሌላም ቅመም ጋር በእርጥቡ የሚፈጭ ነው። ደረቅ ሚጥሚጣ ምላስን ሲያቃጥል ዳጣ አፍንጫንም ጉሮሮንም ይነካል፤ የስቡን ክብደት ይሰብራል። ከሥጋው ቀጥሎ ሙቿ የሚባለው፣ ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ የሚሰናዳው ምግብ አለ። ጎደሬ፣ ቦዬና ስኳር ድንችም በየቤቱ አሉ። በሆቴል ገበታ ላይ ብዙም አይታዩም እንጂ ከመኸር በፊት ባሉት ጠባብ ወራት ወላይታን የሚያሻግሩት እነዚህ የሥር ሰብሎች ናቸው።

ሶዶ ላይ ዓርብም ቢሆን ሥጋ ቤቱ ክፍት ነው፤ ከሕዝቡ ብዙው ፕሮቴስታንት ነውና። የሚጾም መንገደኛም ቢሆን ጎደሬና ጎመን አያጣም።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር መባል አለበት። ኮሶ ትል ሰው ውስጥ የሚገባው የትሉን እጭ በያዘ የከብት ሥጋ ነው፤ ከብቱም የሚይዘው በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ ነው። እጩን የሚገድለው እሳት ነው፤ ሚጥሚጣም ዳጣም አይገድሉትም። አባቶቻችን ይህን ከልምድ አውቀው የኮሶ ዛፍን አበባ በየጊዜው ይጠጡ ነበር፤ ዛሬ መድኃኒቱ በየፋርማሲው አለ። ጥሬውን የፈለገ ይብላ፣ መድኃኒቱንም አይርሳ። የፈራ ደግሞ ጥብሱን ይዘዝ፤ ያ ሥጋ ተጠብሶም ያው ነው።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ይወርዳል። ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ በሁምቦ በኩል ይጠፋል፤ በቦታው በቆሎ፣ ጥጥና ግራር ይተካሉ። ከዚያ በምዕራብ አባያና በላንቴ በኩል መንገዱ ግራና ቀኝ በሙዝ ይከበባል። ልጆች የሙዝ እጅና ማንጎ ይዘው መኪና ያስቆማሉ፤ የተጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ሙዝና እንሰት በእጽዋት ሳይንስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ደጋው ላይ ፍሬው ተትቶ ግንዱና ሥሩ ይበላል፤ ቆላው ላይ ግንዱ ተትቶ ፍሬው ይበላል። ዝምድናቸው በክፉም ነገር ይታያል፤ አጠውልግ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በሙዝ ላይ መታየቱ ተመዘገበ፣ በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ተከስቶ የዚያን አገር የሙዝ ገበሬ አስለቀሰ።

አባያ በግራ በኩል ይታያል፤ ውኃው ቀይ ቡናማ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው በውስጡ ተንሳፍፎ የማይሰክን ደቃቅ ደለል ነው። ደለሉ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ መልሱን ጠዋት አልፎበታል። የብላቴ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ በስልጤ፣ በሀዲያ፣ በሀላባና በወላይታ በኩል ወርዶ አባያ ይገባል። ሐይቁን ያቀላው ያ ሲታረስ የዋለው፣ በርበሬውና በቆሎው የበቀለበት አፈር ነው። እንሰት በበዛበት ጓሮ ቅጠሉ ዝናቡን ስለሚቀበለውና መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ራቁቱን ስለማይሆን አፈሩ እንዲህ አይሄድም። የደጋው ገበሬ ምን እንደተከለ በሐይቁ ውኃ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

አርባ ምንጭ ዓሣ የሚበላበት ነው። ዓሣው በአብዛኛው ከጫሞ ይመጣል፤ ጫሞ ከአባያ ያነሰ፣ ውኃው ግን የጠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍ ያለ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። በጫሞ ዳር ጉማሬ አለ፤ የአዞ ገበያ በሚባለው ቦታ አዞዎቹ ጸሐይ ሲሞቁ በጀልባ ሄዶ ማየት ይቻላል። ዓሣ አጥማጆቹ የሚሠሩት በዚሁ ውኃ ላይ ነው። ዓሣው በሳህን ላይ ሲቀርብ ይህ አደጋቸው ሊታሰብ ይገባል።

የሚታዘዘው ሁለት ዓይነት ነው። ቆሮሶ ትንሽ ስለሆነ ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ በዘይት ይጠበሳል፤ ሥንጥቁ ውስጥ ዘይቱ ገብቶ ሥጋውን ያደርቀዋል፣ በእጅ እየተፈለቀቀ በዳጣና በሎሚ ይበላል። ናይል ፐርች ደግሞ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ግዙፍ ዓሣ ነው፤ አጥንቱ ትልልቅ በመሆኑ ለመለየት ይቀላል። ስለዚህ ለጉላሽ፣ ለኮተሌትና ለዱለት ይፈለጋል። በዐቢይ ጾም ሰሞን ከጾመኞችም ዓሣ የሚበላው ብዙ ስለሆነ የአርባ ምንጭ ዓሣ በበረዶ ተጭኖ ርቆ ይሄዳል፤ ዋጋውም ይወጣል። ችግሩ ጫሞ ይህን ሁሉ ፍላጎት የሚችል አለመሆኑ ነው። ዓይኑ ጠባብ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ጠርጎ ስለሚያወጣ ትልልቁ ናይል ፐርች ከቀድሞው እያነሰ መጥቷል። ሳህን ላይ የመዳፍ ያህል ቆሮሶ ሲመጣለት «ትልቅ የለም?» ብሎ የሚጠይቅና ከሌለ ሌላ የሚያዝ እንግዳ ለሐይቁ ትንሽም ቢሆን ውለታ ይውላል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሽቅብ መንገዱ ግን ተጓዡን ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ያደርሰዋል። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሙዝ ከእግር በታች ይቀርና እንሰት ይመለሳል፤ ገብስና ቀርከሃ ይመጣል፣ ጉም ይወርዳል። በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ዶርዜ ቆጮው እንደ ቡታጅራው ወፍራም አይደለም። በኮባ ተጠቅልሎ በስሱ ይጋገራል፤ ትኩሱን በማርና በዳጣ ይበሉታል። ጣፋጭ፣ ኮምጣጣና የሚያቃጥል በአንድ ጉርሻ ይገናኛሉ፤ ከመንገዱ ሁሉ ልዩ የሆነው ምግብ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨንቻ ሚሲዮናውያን ያስገቡት አፕልም ይበቅልባታል፤ ብርዱን የሚፈልግ ፍሬ ነውና ከታች ያለው ሙቀት አይሆነውም። ማንጎና አፕል በአንድ ከሰዓት፣ ሁለቱንም ከበቀሉበት ቦታ ገዝቶ መብላት የሚቻልበት አገር ጥቂት ነው።

ጉዞውን የሚቀጥል ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ያመራል፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ እየቀነሰ፣ ድንጋዩ እየበዛ ይሄዳል። እዚህ ገበታውን የሚይዙት ማሽላና ሽፈራው ናቸው። ሽፈራው ቅጠሉ የሚበላ ዛፍ ነው፤ ጋሞዎች ሃላኮ ይሉታል። በበጋ ጎመን ሲደርቅ እሱ አይደርቅም፤ ቅጠሉ ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ብረት አለው። የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ተቦክቶ፣ በትንንሹ ተድቦልቡሎ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ሲቀቀል ኩርኩፋ ይሆናል። ቅቤ ያለው ቅቤ ያክልበታል፤ የሌለው በጨውና በዳጣ ይበላዋል። ለዓይን የሚያምር ምግብ አይደለም። በደረቅ መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ግን እህልና ቅጠል፣ ኃይልና ግንባታ በአንድ ድስት የተገኙበት ምግብ ነው፤ ደጋው በቆጮና በክትፎ የፈታውን ችግር ኮንሶ ያለ ከብት ሥጋ ፈትቶታል።

የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የድንጋይ ካቡ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በትውልድ ተከታታይነት የተሠራ ሲሆን በአንዳንድ ቦታ ከፍታው እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩን ከመሄድ፣ ውኃውንም ከመፍሰስ ያግዳል። አባያን ያቀላው ዓይነት ጎርፍ እዚህ ድንጋይ ቆሞበታል። ካቡ በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል፤ ጥገናው የሚሠራው ተሰባስቦ ነው፣ ለሠራተኛውም ጨቃ ይቀርባል። ጨቃ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ተጠምቆ በቅል የሚጠጣ፣ ወፈር ያለ፣ ሞቅ እንዳለ የሚቀርብ ነው። ስካር ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ እህሉ ውስጡ ስላለ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለሚያነሣ ሰው ምሳም ነው።

ካራት ከተማ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በስተ ምዕራብ ወደ ወይጦና ጂንካ የሚወርደው ወደ ደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ያደርሳል፤ እዚያ ጠዋት የሚቀርበው የቡና ገለፈት ተፈልቶ በቅል የሚጠጣው ሸፎሮ ነው። በስተ ምሥራቅ ያለው ወደ ያቤሎ ይወጣና ከሞያሌው አውራ ጎዳና ጋር ይገናኛል፤ የቦረና አገር ነው፣ ወተት የሚቀድመው። ሁለቱም አቅጣጫ ላይ ማሳ እየራቀ መንጋ ይበዛል። ነዳጅ ካራት ላይ መሙላት ይበጃል፤ ጾመኛ የሆነ መንገደኛም ስንቁን ከኮንሶ ገበያ ይያዝ፣ ከዚህ በኋላ ለረጅም መንገድ የሚገኘው ምግብ በአብዛኛው ከከብት የሚመጣው ነው።